ከእድር ይልቅ ወንፈል፦ የልዩ ፍላጎት ልጆች ወላጆች መደጋገፍ ሲዳሰስ

ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች ተገናኝተው ሲደጋገፉ ምን ያተርፋሉ? ለዚህ ጥያቄ ጥናቶች ሁለት መልስ ይሰጣሉ፤ ሁለቱ መልሶች ግን እርስ በርስ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ስለ ወላጆች መደጋገፍ የተጻፉ 17 ጽሑፎችን አሰባስበው መርምረው ነበር። በቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረቱት ጥናቶች ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ይናገራሉ፦ ወላጁ እንደ እሱ ያለ ሰው አገኘ፤ ከሌላው ልምድ ተማረ፤ በራሱ ላይ ያለው እምነት ጨመረ፤ ቆየት ብሎም ራሱ ሌላውን ለመርዳት መብቃቱ አጽናናው። ጭንቀትንና ድብርትን በነጥብ የለኩት ጥናቶች ግን ወጥ ውጤት አላገኙም፤ አንዳንዱ መጠነኛ ለውጥ ሲያይ ሌላው ምንም አላየም። ይህን አለመጣጣም ብዙ ጊዜ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን አለመጣጣሙ ራሱ መልስ ይመስለኛል። መገናኘት የሚያነሣው ሸክም አለ፤ የማያነሣውም አለ። ኀፍረትን፣ ብቸኝነትንና አለማወቅን ያነሣል። ልጁን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ ከበር እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ሌሊት አብሮት መንቃት ግን ስብሰባው ሲያልቅ ቤት ውስጥ እንደነበረ ይቆያል። እናቲቱ «ጠቅሞኛል» ስትል እውነቷን ነው፤ የጭንቀት መለኪያው ንቅንቅ አለማለቱም ውሸት አይደለም። ወላጆች በእኛም አገር በሌላውም ዓለም እስካሁን በብዛት ያደራጁት ንግግርን፣ ገንዘብንና ትምህርት ቤትን ነው፤ ያላደራጁት ሰዓትን ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፦ ከእንግዲህ የመደጋገፉ ዋና ሥራ መሆን ያለበት በተራ ልጅ መያዝ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መገናኘቱ ራሱ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን መመለስ ይገባል። «እኛ እኮ ተሳስበን የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ጎረቤት እያለ፣ እድር እያለ፣ ጽዋ ማኅበር እያለ ሌላ ማኅበር ምን ያደርጋል?» የሚል ክርክር ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል፤ በከፊልም እውነት አለው። ችግሩ ጎረቤት የሚረዳው የሚያየውን ችግር መሆኑ ነው። በ2016 የታተመና በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ ጥናት፣ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ የተናገሩት 45.1 በመቶ፣ ሰው በሌላ ዓይን ያየናል ብለው የሚሰጉት 43.1 በመቶ፣ የልጃቸውን ሁኔታ ለመደበቅ የሚጥሩት ደግሞ 26.7 በመቶ መሆናቸውን ያሳያል። እነዚህ እንግዲህ ቢያንስ ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው፤ ጭራሽ ያልመጡት ቤት ያለው ሁኔታ ከዚህ ይሻላል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለ መንስኤው ሲጠየቁም 40.2 በመቶው የመንፈስ ጉዳይ ነው ሲሉ፣ 27.5 በመቶው ከኃጢአት ጋር አያይዘውታል፤ የጭንቅላት ጉዳትን (30.4 በመቶ) እና የወሊድ ችግርን (25.5 በመቶ) የጠቀሱም ብዙ ናቸው። አንዱ ወላጅ ሁለቱንም ሊል ይችላል፤ ጸበል ወስዶ ሐኪም ቤትም ይሄዳል፤ ይህን እንደ ድንቁርና መቁጠር የከተሜ ጥጋብ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ልጁ የወላጁ ኃጢአት ምልክት ነው ተብሎ በሚታሰብበት ሰፈር፣ «ልጄን ለአንድ ሰዓት ያዢልኝ» ብሎ መጠየቅ ከእርዳታ ጥያቄነት አልፎ ኑዛዜ ይሆናል። ሰፈሩ ደግና ሩኅሩኅ ቢሆንም፣ ልጇ ከጓዳ ያልወጣባት እናት ከዚያ ደግነት የምትደርስበት መንገድ የላትም። የመጀመሪያውን በር የሚከፍትላት ኑዛዜ የማያስፈልገው ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ተመሳሳይ ልጅ ያለው ሌላ ወላጅ ነው።

ሁለተኛው ትርፍ እውቀት ነው። በዚሁ ጥናት ወላጆቹ ከምንም በላይ የጎደለን ብለው የጠቀሱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነበር (74.5 በመቶ)፤ የጤና ባለሙያ ሕክምና 47.1 በመቶ፣ የገንዘብ ድጋፍ 30.4 በመቶ እያለ ይቀጥላል። ባለሙያ ጥቂት በሆነበትና ያለውም በከተማ በተከማቸበት አገር፣ የትኛው ትምህርት ቤት ልጁን «አንቀበልም» ሳይል እንደሚያየው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲጠፋ የት እንደሚጠየቅ፣ የማይናገር ልጅ መራቡን በምን እንዲያመለክት እንደሚለማመድ የሚያውቀው ያንኑ መንገድ ቀድሞ የሄደ ወላጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠናም የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፦ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች አሳዳጊዎች የታሰበ ነው፤ የሚመራውም ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዲስ አበባም በገጠርም ተሞክሯል። ቡድን የተመረጠው ባለሙያ ስለማይበቃ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ትዕዛዝን በአጭር ቃልና በምልክት መስጠትን ከአሠልጣኙ ትማራለች፤ «የእኔ ልጅ ይህን ለመልመድ ወራት ፈጀበት፤ አትቸኩዪ» የሚለውን ግን የምትሰማው ከጎኗ ከተቀመጠችው ነው።

የአዲስ አበባን ታሪክ ስናይ ወላጆች ከመገናኘት አልፈው ተቋም ገንብተዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩትና በ2021 ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ፣ ኦቲዝም የሚለው ቃል ራሱ ለብዙው ሰው እንግዳ ነበር። እሳቸው በየመገናኛ ብዙኃኑ ስለ ገዛ ልጃቸው በግልጽ መናገራቸው አንድ ማዕከል ከመክፈት ያላነሰ ሥራ ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች ስብስብ የተወለደ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች የሚመሩት አገር አቀፍ ማኅበር አለ፤ የጀርባ አጥንት ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) እና በጭንቅላት ውስጥ ውኃ መጠራቀም (ሃይድሮሴፋለስ) ያለባቸው ልጆች ወላጆችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው፣ መንግሥት ወይም የውጭ ድርጅት መጥቶ ሳይጠራቸው፣ ልጁን የሚቀበል ቦታ ያጣ ወላጅ ቦታውን ራሱ መፍጠሩ ነው።

ነገር ግን ወላጅ የመሠረተው ማዕከል ሲያድግ አንድ ነገር ይለወጣል፤ ይህንንም ከወቀሳ ለይቶ ማየት ይገባል። መጀመሪያ መሥራቾቹ እርስ በርስ የሚረዳዱ እኩያሞች ነበሩ። ማዕከሉ መምህር ሲቀጥር፣ ቤት ሲከራይ፣ ለጋሽ ሲፈልግ፣ በኋላ የሚመጣው ወላጅ አባል ሳይሆን ተገልጋይ ይሆናል፤ ስሙ ተራ ጠባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ተራው እስኪደርስም ከሌሎቹ ተራ ጠባቂዎች ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ብዙ ወላጆች በየቤታቸው አንዱን በር ለየብቻ ይጠብቃሉ ማለት ነው። ለዚህ አቅጣጫ የዳረገው የትምህርት ቤት እጦት ብቻ አልነበረም፤ ሕጉም ነበር። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በልጆችና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ልጅን ማስተማርና ማከም ይቻላል፤ «ትምህርት የልጄ መብት ነው» ብሎ መሟገት ግን የገንዘብ ምንጭን አደጋ ላይ ይጥላል። አዋጁ በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፤ ለአሥር ዓመት በአገልግሎት ሰጪነት የተቀረጸ ልማድ ግን በአዋጅ ወዲያው አይሻርም።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። «ወላጆች እርስ በርስ ይረዳዱ ማለት መንግሥትን ከኃላፊነት ነፃ ማውጣት አይደለም ወይ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል፤ አገሪቱም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 አጽድቃለች። የደከመችን እናት ሌላ የደከመች እናት ትርዳት ማለት ድኅነትን ማከፋፈል ነው» ይላል ተቃውሞው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መተዳደሪያ ደንብ ያለው የወላጆች ማኅበር ሲያዩ «እነሱ ይሠሩታል» ብሎ እጅ መሰብሰብ የሚወድ ቢሮ አይጠፋም። ታሪክ የሚያሳየው ግን መንግሥት የተንቀሳቀሰው የተነጣጠሉ ወላጆች ዝም ባሉበት ሳይሆን የተሰበሰቡ ወላጆች በጮኹበት አገር መሆኑን ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1946 ጁዲ ፍራይድ የምትባል እናት በአንድ መጽሔት ላይ መሰሎቿን የምትጠራ ደብዳቤ አወጣች፤ ዛሬ ሜንካፕ በሚል ስም የሚታወቀው ትልቅ ማኅበር የተነሣው ከዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወላጆች በ1950 ሚኒያፖሊስ ላይ ተሰብስበው አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ፤ የዚሁ ማኅበር የፔንስልቬንያ ቅርንጫፍ በ1971 ክፍለ ግዛቱን ፍርድ ቤት አቆመው፤ በቀጣዩ ዓመት የጸናው ስምምነት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ነፃ የመንግሥት ትምህርት እንዲያገኙ አስገደደ፤ በ1975 ደግሞ ኮንግረሱ ለመላው አገር የሚሆን ሕግ አወጣ። ልብ በሉ፤ ያ ክስ በተመሠረተበት በ1971፣ ኔብራስካ ውስጥ ኦማሃ ከተማ፣ ልምድ ያለውን ወላጅ ከአዲስ ወላጅ ጋር የሚያጣምር ፕሮግራም ተጀምሯል፤ በኋላ በብዙ ግዛቶች የተስፋፋው የዚህ ዓይነት ጥምረት በ1999 በአምስት ግዛቶች 128 ወላጆች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትኖ፣ ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ጠቀመን ብለዋል። ሙግቱና መደጋገፉ አብረው አደጉ እንጂ አንዱ ሌላውን አልተካም። ምክንያቱም ለፍርድ ቤትና ለምክር ቤት የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ከቤት መውጣት መቻል አለበት፤ ልጁን የሚይዝለት ያጣ ወላጅ ለመብቱ ስብሰባም አይደርስም።

ሌላው ተቃውሞ ከጤና ባለሙያዎች የሚመጣ ነው፦ ወላጆች ሲሰበሰቡ ስሕተትም ይሰበሰባል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ያለው የሶማሌ ማኅበረሰብ ነው። ወላጆቹ ልጆቻችን ላይ ኦቲዝም በዛ ብለው ሲጨነቁ የሚያረካ መልስ የሰጣቸው አልነበረም፤ ክፍተቱን የሞላው የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያገናኘው የሐሰት ትምህርት ሆነ። የዚህ ትምህርት ምንጭ በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የታተመና መጽሔቱ ራሱ በ2010 የሰረዘው ጽሑፍ ነው። ከሶማሌ ቤተሰብ ከሚወለዱ የሚኒሶታ ሕፃናት መካከል ክትባቱን የወሰዱት በ2004 ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 ወደ 42 በመቶ አሽቆለቆለ፤ በ2017 የተነሣው ወረርሽኝም 75 ሰው አጠቃ፤ አብዛኞቹ የዚሁ ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። ታሪኩ መደጋገፍ ያለ እውቀት ሊጎዳ እንደሚችል በእርግጥ ያሳያል። ነገር ግን ወላጆቹ ባይሰበሰቡ ኖሮ ወሬው አይደርሳቸውም ነበር ወይ? ወሬ ስብሰባ አይፈልግም፤ ቡና ላይም ስልክ ላይም ይደርሳል። የጎደለው በስብሰባው ውስጥ የተቀመጠ፣ ቋንቋቸውን የሚናገርና የሚታመን የጤና ሰው ነው። የእኛ አገር ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ በልጆች የእድገት ችግሮች ላይ የተዘጋጀ ሥልጠና ለእነሱ ተሰጥቶ፣ ሥልጠናውን ያገኙት በኦቲዝም ላይ ያላቸው አሉታዊ አመለካከት ካላገኙት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የወላጆች ቡድን አባል ብትሆን «መድኃኒቱን አቁሙ» የሚል ምክር ሲነሣ ዝም አትልም። ደግሞም ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ እንደሚቻል ከእሷ ቢሰማ ከሩቅ ከመጣ ባለሙያ ይልቅ ይታመናል።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ኦቲዝም ያለባቸው ጎልማሶች በተለያዩ አገሮች «ስለ እኛ ያለ እኛ አይወሰን» እያሉ የወላጆችን ማኅበራት ይወቅሳሉ፤ ወላጅ ስለ ራሱ ድካም ሲያወራ ልጁ ሸክም ብቻ ሆኖ ይሣላል ይላሉ። ልክ ናቸው። መናገር የሚችል ወጣት ባለበት ማኅበር ወጣቱ የስብሰባው አካል ይሁን፤ የልጅ ፎቶግራፍ ለልመና አይለጠፍ። ይህ ደንብ ውስጥ የሚጻፍ እንጂ ማኅበሩን የሚያፈርስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የከተማ ሰው መደጋገፍ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣው እድር ነው፤ የወላጆች ማኅበራትም በአደረጃጀታቸው፣ በወርኃዊ መዋጮአቸውና በቃለ ጉባኤያቸው እድርን ይመስላሉ። እድር ግን የተሠራው ለአንድ ድንገተኛ ቀን ነው፦ ሞት ይነገራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ከሳምንታት በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እቁብም የሚሰበስበው ገንዘብ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ቤት ግን የሚታወጅ ቀን የለም፤ ችግሩ ነገም ከነገ ወዲያም ያው ነው፤ የሚያልቀውም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጉልበትና እንቅልፍ ነው። ለዚህ የሚስማማው የገበሬው ወንፈል ነው። በወንፈል ዛሬ የእኔ ማሳ ይታረማል፤ ነገ ያንተ፤ ከነገ ወዲያ የሦስተኛው፤ የተሰጠው ቀን በቀን ይመለሳል፤ ማንም ለማንም ባለውለታ አይሆንም። ደቦ የጠሪውን ድግስ ይፈልጋል፤ ወንፈል ግን ያለውን ከሌለው ሳይለይ የሚቆጥረው ሰዓትን ብቻ ስለሆነ ለድኃ ይስማማል። አንድ ሰፈር ወይም አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ የሚኖሩ ሦስት ወይም አራት ቤተሰቦች፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹን በተራ አንድ ቤት ሰብስበው ሁለት ወላጆች ሲይዙ ሌሎቹ ገበያ ይወጣሉ፤ ልብስ ያጥባሉ፤ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ወይም ይተኛሉ። እንቅልፉን እንደ ቅንጦት የሚያይ ካለ፣ ሌሊት የማይተኛ ልጅ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል አያውቅም።

ሰዓት እንደሚጠቅም ማስረጃ አለን? አሜሪካ ውስጥ በ2013 የታተመ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 101 ጥንዶችን ጠይቆ፣ በሳምንት የሚገኘው የእረፍት ሰዓት በአንድ በጨመረ ቁጥር የትዳር ግንኙነታቸው የተሻለ ሆኖ እንደሚታይና ይህም ከጭንቀት መቀነስ ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። ጥናቱ በአንድ ወቅት የተወሰደ ምስል ነው፤ ትዳራቸው የተሻለው እረፍት ስላገኙ ይሁን፣ ወይም እረፍት ያገኙት ትዳራቸው ስለተሻለ፣ ለይቶ ሊናገር አይችልም። ቢሆንም ለክርክሬ የሚጠቅም አንድ ነገር አለው፤ ልጁን ይይዙ ከነበሩት መካከል ጎልተው የታዩት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሳይሆኑ አያቶች ናቸው። የሚያስፈልገው የባለሙያ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኛ አገር ወላጅ ተስፋ በቆረጠ ነበር።

ወንፈሉን የሚያደናቅፈው ነገር ግን ቀላል አይደለም። «ራሷ የደከመች እናት በላይዋ ላይ የሰው ልጅ ልትጨምር ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ አለው፤ በልጇ ምክንያት ከቤት የማትወጣ ሴት ሁለተኛ ልጅ ብትይዝ የሚጨምርባት ሥራ ባልንጀራዋ ከምታገኘው ነፃነት ያነሰ ነው፤ ሁለት ሆነው ሲይዙ ደግሞ ጨዋታና ወግ ይኖራል። ለሁሉም ልጅ ግን አይሠራም። ድንገት የሚሮጥ፣ የሚማታ ወይም ተደጋጋሚ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አንድ ሰው ለብቻው ይፈልጋል፤ ለእሱ ተራው ሌላ መሆን አለበት፦ እናቱን ወደ ቡድኑ ከማምጣት ቡድኑ ወደ ቤቷ ይሂድ። ልጅ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ቢወድቅ ወይም ቢታመም ማን ይጠየቃል የሚለውም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ወላጆቹ በጽሑፍ ይስማሙ፤ መድኃኒቱ፣ መጠኑና አደጋ ሲደርስ የሚደወልበት ስልክ በር ላይ ይለጠፍ። የምርመራው ስም ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነገር ነው። ለመብት ሙግት ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ብቻቸውን፣ የኦቲዝም ወላጆች ብቻቸውን ቢደራጁ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ለሰዓት ግን ወሳኙ የመንገዱ ርቀትና የልጆቹ ዕድሜ ነው። ከሰሚት ተነሥቶ ኮልፌ ድረስ ልጅ ይዞ፣ ያውም ሾፌሩና ረዳቱ ፊት እያጠቆሩ፣ በታክሲ የሚሄድ ወላጅ ከሚያገኘው እረፍት መንገዱ የሚወስድበት ይበልጣል።

የገቢ ልዩነትም አለ። የቤት ሠራተኛ መቅጠር የሚችለው ወላጅ ሰዓት አይቸግረውም፤ የሚቸግረው እውቀትና ወግ ነው፤ ስለዚህ ወደ ስብሰባው ይመጣል፤ ድምፁም ይሰማል፤ የማኅበሩ አጀንዳም የእሱን ችግር ይመስላል። ቀን ሠራተኛዋ እናት አትመጣም። የሥራ ቀኗን ከምታጣ ልጁን ቤት ውስጥ ዘግታ መሄድን ትመርጣለች፤ አማራጭ ስላላት አይደለም። የማኅበር መሪዎች «ድኆች ግንዛቤ የላቸውም» ሲሉ መስማት ያናድዳል፤ የጎደላቸው ግንዛቤ ሳይሆን ልጅ የሚይዝ ሰው ነው። አባቶችስ? በየማኅበሩ ስብሰባ ወንበሩን የሚሞሉት እናቶች ናቸው፤ አባት ካለም ከሊቀመንበርነት ጀምሮ ይታያል፤ ከሊቀመንበርነቱ በታች ግን ይጠፋል። ወንፈል በተፈጥሮው የማሳ ሥራ ስለሆነ ወንዶች ያውቁታል፤ ተራ ሲመደብ የአባት ተራ በስሙ ቢመዘገብ፣ እናቲቱ ልትሸፍንለት እንዳትችል ደንቡ ቢያግድ፣ ነገሩ ከምክር ወደ ግዴታ ይሸጋገራል። እድር ቀብር ላይ ያልተገኘን አባል ይቀጣል፤ ተራውን ያልተወጣ አባትን መቅጣት የሚያሳፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ወላጅ ነገሩ ይገለበጥበታል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰቦች ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆቻቸው የሚገናኙበት ማኅበር አቋቁመዋል። እዚያ ሕጉ አለ፦ ልጁ ለብቻው የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል፤ ዕቅዱ ሲነደፍ ወላጅ ከጠረጴዛው ዙሪያ የመቀመጥ መብት አለው፤ በፌዴራል ገንዘብ ወላጆችን የሚያሠለጥንና መረጃ የሚሰጥ ማዕከልም በየግዛቱ አለ። የጎደለው አያት፣ አክስትና ጎረቤት ነው፤ በሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ባልና ሚስት በራፍ ላይ እየተላለፉ ልጅ ይቀባበላሉ። ስለዚህ የእነዚያ ወላጆች መደጋገፍ ግማሹ የወረቀት ሥራ ነው፤ ደብዳቤውን መተርጎም፣ ስብሰባው ላይ አብሮ መቀመጥ፣ አስተዳዳሪው ሲናገር አንገት ደፍቶ ዝም ማለት እንደ ስምምነት እንደሚቆጠር ማስረዳት። እኛ ጋ ሰው አለ፤ ሕጉ ወረቀት ላይ ነው። እነሱ ጋ ሕጉ ይሠራል፤ ሰው የለም። ሁለቱ ወገኖች ቢነጋገሩ ከገንዘብ ልገሳ የበለጠ የሚለዋወጡት ነገር አለ፤ ለምሳሌ አንድ ወላጅ ትምህርት ቤትን በጽሑፍ እንዴት እንደሚጠይቅና መልሱንም እንዴት በጽሑፍ እንደሚቀበል።

የቀረው ጥያቄ ወላጆች ሁሉ የሚያስቡትና ብዙዎቹ በአፋቸው የማይናገሩት ነው፦ እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል? ልጁ ከ18 ዓመት በታች ሳለ ወላጅ በኑዛዜ አሳዳሪ መሰየም ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ጉዳዩን ራሱ ማስተዳደር የማይችል ሰው ሞግዚት የሚሾምለት ፍርድ ቤት ከወሰነ ነው፤ ይህን የሚያውቅና ቀድሞ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በተለምዶ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በእኅት ወይም በወንድም ላይ ነው፤ ባይኖሩ ልጁን በበዓል ብቻ በሚያየው የሩቅ ዘመድ ላይ። ለብዙ ዓመታት በሳምንት ሁለት ቀን ልጁን በተራ የያዘ ቤተሰብ ግን ምን እንደሚበላ፣ ምን ድምፅ እንደሚያስፈራው፣ ሲታመም በምን እንደሚታወቅ፣ ሌሊት ምን እንደሚያረጋጋው ያውቃል፤ ዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ልጁ ሊመሰክር የሚችል፣ ዘመድ ለሆነው ሞግዚትም እጁን ይዞ የሚያስተምር እሱ ነው። ችግሩ ተራ የሚገቡት ወላጆች ሁሉ እኩያሞች መሆናቸው ነው፤ አብረው ያረጃሉ፤ በተቀራረበ ጊዜም ይሞታሉ። ስለዚህ ተራው ከመጀመሪያው የልጆቹን ታላላቅ እኅቶችና ወንድሞች፣ የሰፈሩን ወጣቶች፣ አሁን ሕፃን ያላቸውን አዳዲስ ወላጆችም ይዞ መጀመር አለበት፤ የሃምሳ ዓመት ሰዎች ብቻ የሚፈራረቁበት ቡድን ልጁ ሠላሳ ሲሞላው የሚይዘው አያገኝም።